መስኮቱ የሚያሳየው የአሁኑን ይሁን

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለዴስክቶፕ ፕሮግራም ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ የተከበራችሁ የድርጅት ባለቤቶችና የሥራ ኃላፊዎች፣ ውድ ሠልጣኞች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው፤ ከካሜራ የሚመጣን የቀጥታ ምስል በምንጽፈው ፕሮግራም መስኮት ውስጥ ስለ ማሳየት። ጉዳዩን የመረጥኩት ለዚህ አካባቢ ቅርብ ስለ ሆነ ነው። ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከዚህ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖች፣ የብሎኬት ማምረቻዎችና የኮንዶሚኒየም ግቢዎች በሮቻቸውን የሚጠብቁት በሰው ዓይን ነው፤ ያ ዓይን ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ በካሜራ እየታገዘ ነው። ካሜራውን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ባለሙያ አይጠፋም። ምስሉን ከመኪና መግቢያ መዝገብ፣ ከሚዛን ቁጥርና ከዕቃ ማስረከቢያ ሰነድ ጎን አድርጎ በአንድ መስኮት ማቅረብ ግን የእናንተ ሥራ ይሆናል። በዚህ ሥራ አጥብቄ የምይዘው አንድ አቋም አለ። ያለፈውን ምስል የአሁን አስመስሎ የሚያሳይ መስኮት፣ ጭራሽ ምስል ከሌለው መስኮት የበለጠ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ዘበኛው እሱን አምኖ ከበሩ ላይ ዓይኑን ያነሣል።

የዚህ ሥራ ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ትሮጃን ሩም በሚባለው ክፍል ደጃፍ ያለው የቡና ማፍያ ቡና ይኑረው አይኑረው ከየጠረጴዛቸው ለማየት ካሜራ ተከሉ። በየኮምፒዩተሩ ላይ ምስሉን በትንሽ መስኮት የሚያሳየውን ፕሮግራም ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘር፣ ምስሉን የሚያቀብለውን ደግሞ ፖል ጃርዴትስኪ ጻፉ። ምስሉ በጎንም በቁመትም 128 ፒክስል፣ ቀለም የሌለው ግራጫ ነበር፤ የሚታደሰውም በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በድር ላይ ወጥቶ ዓለም አወቀው፤ በ2001 ተዘጋ። እኔን የሚማርከኝ ዝናው ሳይሆን ልኩ ነው። ማፍያው የሚሞላው በዝግታ ስለ ነበር በደቂቃ ሦስት ምስል ይበቃ ነበር። እናንተም አንድ ደንበኛ «ካሜራውን በስክሪን አሳዩኝ» ሲላችሁ፣ ከማንኛውም ኮድ በፊት ሊያይ የሚፈልገው ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለዋወጥ ጠይቁት።

የምንሸከመው ሸክም ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። 640 በ480 ፒክስል የሆነ አንድ ፍሬም (ቪዲዮው ከሚሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱ)፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ሲያዝ 921,600 ባይት ነው። 1920 በ1080 የሆነው ደግሞ 6,220,800 ባይት ይሆናል፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ከመጣ ከ186 ሚሊዮን ባይት በላይ በየሰከንዱ ይፈስሳል። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ እንኳ በሰከንድ ከ60 ሚሊዮን ባይት በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ትልቁ ምስል በዚያ ኬብል ሲመጣ ታምቆ ነው የሚመጣው፤ የታመቀውን መፍታትም የእናንተን ፕሮሰሰር ጊዜ ይወስዳል። ለአንድ ፍሬም ያላችሁ ጊዜ፣ በሰከንድ 30 ከሆነ፣ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ማንበቡ፣ መፍታቱ፣ ቀለሙን ማስተካከሉ፣ ማሳነሱና መሣሉ ሁሉ በዚያ ውስጥ ማለቅ አለበት።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። መስኮቱን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ትሬድ፣ ማለትም በፕሮግራሙ ውስጥ ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽመው የሥራ መስመር፣ የመዳፊቱን ጠቅታ ይቀበላል፣ ቁልፎችን ይሰማል፣ መስኮቱንም መልሶ ይሥላል። ያንኑ ትሬድ «ከካሜራ ፍሬም እስኪመጣ ጠብቅ» ብለን ካሰርነው፣ ካሜራው በዘገየ ቁጥር ፕሮግራሙ በሙሉ ይደነዝዛል። ዊንዶውስ ለ5 ሰከንድ መልእክት ያልተቀበለን መስኮት ምላሽ እንደማይሰጥ ቆጥሮ ያደበዝዘዋል፤ በኔትወርክ የሚመጣ ካሜራ ሲቋረጥ ደግሞ የማንበቢያው ትእዛዝ ከዚያ በጣም የረዘመ ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል። መፍትሔው ካሜራውን በሌላ ትሬድ ማንበብ ነው። ያ ሌላው ትሬድ ግን በመስኮቱ ላይ አንዳች ነገር በቀጥታ መንካት የለበትም። ከመስኮት መሥሪያ መሣሪያዎች በኪዩት የምትሠሩ ፍሬሙን በሲግናል፣ ማለትም ከትሬድ ወደ ትሬድ በሚላክ መልእክት፣ አሳልፉት፤ በቲኪንተር የምትሠሩ ደግሞ ዋናው ትሬድ በአጭር ጊዜ ልዩነት እየመጣ አዲሱን ፍሬም እንዲወስድ አድርጉ። በመማሪያ ቪዲዮዎች የምናየው፣ ማንበቡንና ማሳየቱን በአንድ ዙር የሚያስኬደው አጭር ኮድ ለሙከራ እንጂ ለጥበቃ ክፍል አይሆንም።

ሁለት ትሬዶች ሲኖሩ በመካከላቸው ምን እንደሚቀመጥ መወሰን አለብን፤ ከሁሉም በላይ ላሳስባችሁ የምፈልገው ይህን ነው። በታክሲ ሰልፍ መጀመሪያ የመጣ መጀመሪያ ይሳፈራል፤ ፍትሑም ያ ነው። ለቀጥታ ምስል ግን ይህ ሥርዓት አይሆንም። ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም እየላከ ኮምፒዩተራችን 20 ብቻ መሣል ቢችል፣ በየሰከንዱ 5 ፍሬም ይጠራቀማል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ 300 ይሆናሉ። ካሜራው በሚልክበት ፍጥነት ስንቆጥረው ዘበኛው የሚያየው ከ12 ሰከንድ በፊት የሆነውን ነው፤ በ640 በ480 እንኳ ከ276 ሚሊዮን ባይት በላይ ሜሞሪ ተይዟል። በ12 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሰው አጥር ዘሎ ይገባል። ምስሉ ግን ጥርት ያለ ነው፣ እንቅስቃሴውም ያምራል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። እንግዲህ በሁለቱ ትሬዶች መካከል የአንድ ፍሬም ቦታ ብቻ ይኑር፤ አዲሱ ሲመጣ ያልታየው አሮጌ ይጣል። መጣል የሚገባው ግን ከተፈታ በኋላ ነው። በኤች 264 የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ታምቆ የሚመጣ ምስል አብዛኛው ፍሬም ከሌላ ፍሬም የተለወጠውን ብቻ የሚናገር በመሆኑ፣ ሳይፈታ ከመካከል የጣልነው እንደሆነ ቀጣዮቹ ተበላሽተው፣ ግራጫና የተጎተተ ነገር ሆነው ይወጣሉ። የሚቀዳ ቪዲዮ ካለም በሌላ መንገድ ይሂድ፤ እዚያ አንድም ፍሬም መጣል የለበትም።

ስለ ቀለም መዘባረቅ ብዙ አልናገርም። ከካሜራ ምስል ለማንበብና ለማቀናበር የምንጠቀምበት ኦፕን ሲቪ የተባለው የኮድ ስብስብ ቀለሞቹን የሚያስቀምጠው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ በሚል ቅደም ተከተል ስለሆነ ካልገለበጣችሁት ፊት ሁሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ወዲያው ይታያችኋል፣ ወዲያውም ታርሙታላችሁ። ኪዩት ምስሉን ከሰጣችሁት ሜሞሪ ላይ የራሱን ቅጂ ሳያወጣ በቀጥታ ሊጠቀምበት እንደሚችል ግን አትርሱ፤ ሜሞሪው በሚቀጥለው ፍሬም ከተደረበበት መስኮቱ የሁለት ቅጽበቶችን ቅልቅል ያሳያል።

ወደ አካባቢያችን እውነታ ልመለስ። እዚህ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ራውተሩ ይጠፋል፤ ካሜራው ተመልሶ ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን በባትሪው እየሠራ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ግድየለሽ ፕሮግራም የመጨረሻውን ፍሬም መስኮቱ ላይ እንደተለጠፈ ይተወዋል። ጭር ያለ ግቢ፣ የተዘጋ በር፣ ምንም የማይንቀሳቀስበት ሌሊት፤ ትክክለኛው ምስልና የደረቀው ምስል አንድ ዓይነት ናቸው። ፕሮግራማችሁ የመጨረሻው ፍሬም የደረሰበትን ሰዓት ይያዝ፤ ከ2 ሰከንድ በላይ ካለፈ ምስሉን ያጥቁር፣ «ካሜራው ተቋርጧል» ብሎ በትልቁ ይጻፍ፣ መልሶ ለመገናኘትም ራሱ ይሞክር፤ ሰው መጥቶ ቁልፍ እስኪጫን አይጠብቅ።

ያ ጽሑፍ ዘበኛው በሚያነበው ቋንቋ መሆን አለበት፤ በዚህ አካባቢ አማርኛም ኦሮምኛም ማለት ነው። የኦፕን ሲቪ የጽሑፍ መጻፊያ የግእዝ ፊደልን ስለማያውቅ በፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ስለዚህ ጽሑፉን በምስሉ ላይ ሳይሆን በመስኮቱ መሣሪያ፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ባለ የግእዝ ፎንት ጻፉት። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ካሜራው 19፡00 ሲል ዘበኛው የሚያውቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከእንቅልፍ ጋር እየታገለ 6 ሰዓት እንዲቀንስ አናስገድደው። ፕሮግራማችሁ ይቀንስለት።

የድርጅት ባለቤቶች ደግሞ አንድ ነገር አትንፈጉን። ካሜራው የት እንደሚያይ ለሠራተኞቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የጎረቤትን ግቢ የሚያይ ከሆነ አቅጣጫውን አዙሩት። የይለፍ ቃሉንም ከፋብሪካ በመጣበት አትተዉት። መስኮቱን በጥንቃቄ የሠራነው ምስሉን ማየት ለሚገባው ሰው ነው።

ሠልጣኞች ሆይ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ የሠራችሁትን ስታቀርቡ ምስሉ ማማሩን አላይም። የግድግዳ ሰዓቱን ካሜራው ፊት አስቀምጠን በመስኮቱ ላይ ካለው ጋር እናስተያየዋለን፤ ፕሮግራሙን ለአንድ ሰዓት ካስኬድን በኋላም ያንኑ እንደግማለን። ከዚያ መስኮቱ ክፍት እንዳለ የካሜራውን ኬብል እንነቅላለን፤ ትንሽ ቆይተን እንመልሰዋለን። ስለ አዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።