ማጠናከሪያ ከመሸጣችን በፊት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ሰርተፍኬት የምትቀበሉ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ስማርት ቤት የወደፊት ተስፋ ተናገር ነበር ያሉኝ። ተስፋውን ለሌላ ተናጋሪ ትቼዋለሁ። እኔ የመጣሁት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስላለ ነው። ደንበኛ «ሴንሰሩ ይጠፋብኛል» ባለን ቁጥር «ሲግናሉ ደካማ ነው፣ ማጠናከሪያ ይግዙ» ማለታችን ይብቃ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ደወሉልኝ። ቤቱ ጂ ፕላስ ቱ ነው፤ ልጃቸው ውጭ አገር ሆኖ ነው ያሠራላቸው። የግቢ በር ሴንሰር አለ፣ የሮቶ ውሃ መለኪያ አለ፣ በየክፍሉ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሁሉም በዚግቢ፣ ማለትም የስማርት ቤት ዕቃዎች ያለ ገመድ በሚነጋገሩበት ዘዴ። ሳሎን ያለው ይሠራል፤ ላይኛው ፎቅ ያለው ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ከእኔ በፊት የሄዱት ባለሙያዎች ምን ሸጡላቸው? የዋይፋይ ማጠናከሪያ። በየፎቁ። ወገኖቼ፣ የዚግቢ መልእክት በዋይፋይ ማጠናከሪያ አያልፍም! ጭራሽ ሁለቱም በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ክልል፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ስለሚሠሩ አዲሱ ዕቃ ሌላ ረባሽ ሆኖ አረፈው።

«ልጄ፣ ዕቃ በጨመሩልኝ ቁጥር ቤቱ ይብስበታል» አሉኝ። በምርመራ ከእኛ የተሻሉ ነበሩ።

ሃቡን፣ ዕቃዎቹን ሁሉ የምታዛውን ትንሽ ኮምፒውተር፣ ፈለግሁ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተወትፏል። የዚግቢው ዶንግል፣ የሴንሰሮቹን መልእክት የሚቀበለው ባለ አንቴና መሰኪያ፣ በቀጥታ ትንሿ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቷል፤ አጠገቡ የካሜራ ቅጂ የሚያስቀምጥ የዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ አለ። ዩኤስቢ 3 ሥራ ላይ ሲሆን እዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጩኸት ያፈልቃል። ይሄ ሚስጥር አይደለም፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 ጽፎ አውጥቶታል። ጄኔሬተር ጆሮው ሥር አስነስተህ ሹክሹክታ ስማ እንደማለት ነው። ሴንሰሩ እኮ ይናገራል፤ የማይሰማው ዶንግሉ ነው።

ተራ የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገመድ አወጣሁ። ዶንግሉን ከኮምፒውተሩም ከዲስኩም አራቅሁት፣ ከቁምሳጥኑ አስወጣሁት፣ አንቴናውን ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። የበሩ ሴንሰር ወዲያው ተመለሰ።

ላይኛው ፎቅ ግን ገና ነበር። መሃል ላይ ፌሮ የበዛበት ሶሌታ አለ። ዚግቢ እንዲህ ያለውን የሚያልፈው መልእክት ከዕቃ ወደ ዕቃ በመቀባበል ነው። የሚቀባበሉት ደግሞ ከመብራት መስመር ጋር የተገናኙት ናቸው፤ የባትሪ ሴንሰር የራሱን ይልካል እንጂ የሌላውን አያደርስም። «ታዲያ ፎቁ በስማርት ማብሪያ ተሞልቶ የለም?» ትሉኝ ይሆናል። ተሞልቷል። ግን ማብሪያዎቹ ያለ ኒውትራል፣ ማለትም ያለ መመለሻው የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የሚሠሩ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አብዛኞቹ አያቀባብሉም። ለምን ያለ ኒውትራል ሆኑ? ገመድ የሳበው ሰው ማብሪያ ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ስላላስገባ ነዋ! ያ ሰው ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው አንዱ ሊሆን ይችላል።

ደረጃው አናት ላይ ባለው ሶኬት አንድ የዚግቢ ስማርት ሶኬት ሰካሁ። አለቀ።

እናትየው የገመዱን ዋጋ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ በየፎቁ የተሰቀሉትን ማጠናከሪያዎች በጣታቸው እያሳዩ «እነዚህስ ታዲያ?» አሉ። ምን ብዬ ልመልስ?

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። ደንበኛው ስለማያውቅ ነው እኛን የሚጠራው። አለማወቁን ገበያ ካደረግነው፣ ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ምን ይረባል? ሳይመረምር ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሱቅ ይክፈት፤ መሰላል ይዞ ሰው ቤት አይግባ!

ወጣቶች፣ ኮንዲዩቱ፣ የገመዱ ማለፊያ ቱቦ፣ ገና ክፍት ሳለ በየማብሪያ ሳጥኑ ኒውትራል ሳቡ። ባለቤቱ ባይጠይቃችሁም ሳቡ። በኋላ ግድግዳ ከመፈልፈል ይሻላል።

የቀረውን በአጭሩ። ስማርት አምፖል በተራ ማብሪያ ከጠፋ ማቀባበሉን ያቆማል፤ በእሱ በኩል ይልኩ የነበሩ ሴንሰሮችም ሊጠፉ ይችላሉ። መብራት ሲሄድም እንዲሁ ነው፤ ሃቡን ብቻ ሳይሆን ዋናውን አቀባባይም መብራት ሲሄድ በባትሪ ከሚያቆየው ከዩፒኤስ ጋር አገናኙት። ዋይፋዩ በቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ከሆነ ዚግቢውን 15፣ 20 ወይም 25 ላይ አድርጉት፣ ግን ከመጀመሪያው። በኋላ ከቀየራችሁ አንዳንዱን ሴንሰር እንደ አዲስ ማገናኘት ይመጣል። ውሃ የሞላ ሮቶ ጀርባ ሴንሰር አታስቀምጡ። ሃብ ብሬከር ሳጥን ውስጥ የምትቀብሩ ደግሞ፣ እባካችሁ፤ ሳጥኑ ብረት ነው።

ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ አለኝ። በርክክብ ቅጻችን ላይ ሁለት መስመር ይጨመር። አንዱ ሃቡ የት እንደተቀመጠ፣ ሌላው የትኞቹ ዕቃዎች ከመብራት መነቀል እንደሌለባቸው። ደንበኛውም ይፈርምበት፣ እኛም እንፈርምበት። ዛሬ ከሰዓት ስብሰባው ላይ ድምፅ ይሰጥበት ብዬ አቀርባለሁ። አመሰግናለሁ።