ቅጣቱ የማን ነው?

እሺ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። እከፍተዋለሁ የምላችሁ የፎቶ ኮፒ ሱቅም ገና አልተከፈተም፣ አትጠይቁኝ። እዚህ ታይላንድ ኢሚግሬሽን ደጃፍ ላይ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማናግራችሁ ከባሕር ዳርቻ ነበር፣ ያው ታውቃላችሁ።

ዛሬ ባለፈው ያቋረጥነውን የማራዘሚያ ሰነድ ጉዳይ ልጨርስላችሁ ነበር ሐሳቤ። ግን አንድ ልጅ የላከልኝ የድምፅ መልእክት ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ኢሳን፣ ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ያለ ሀበሻ፣ ታይ አግብቶ አማቱ ቤት የሚኖር። ሁለት ደቂቃ የማትሞላ መልእክት ናት፤ ጥያቄው ያለው መጨረሻዋ ላይ ነው። እኔን የያዘኝ ግን መሃሏ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዛውን በትዳር ለማራዘም ይሄዳል። ሚስቱ አለች፣ የቤት ደብተሩ፣ የነዋሪ መዝገቡ፣ በእናትየው ስም ስለሆነ እሳቸውም አብረው መጥተዋል። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ፓስፖርቱን ታያለች፣ ኮምፒውተሩን ታያለች፣ ቲኤም 30፣ አሳዳሪው የውጭ ዜጋ ቤቱ መግባቱን የሚያሳውቅበት ቅጽ፣ የለም። እና ምን አደረገች? ልጁን አላየችውም። ሚስቱንም አላየችም። ወደ እናትየው ዞራ፣ በጣም በትሕትና፣ «መቼ ነው ቤትዎ የገባው?» ብላ ጠየቀች። እሳቸውም ነገሯት። «ታዲያ ለምን አላሳወቁም?»

እና አማቱ «የልጄ ባል እኮ ነው» አሉ።

በቃ። ይቺ ናት።

ሕጉን እናውቀዋለን፣ እዚህ ስንት ጊዜ አውርተንበታል። የ1979 የኢሚግሬሽን ሕግ፣ በታይ አቆጣጠር የ2522፣ በእኛ የ1971። አንቀጽ 38። ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ ያለውን የውጭ ዜጋ ያሳደረ የቤቱ ኃላፊ፣ ባለቤት፣ ይዞታው በእጁ ያለ ሰው ወይም የሆቴል ሥራ አስኪያጅ እንግዳው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ ይላል። እማማና የሆቴል ሥራ አስኪያጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። ልዩነታቸው ቅጣቱ ላይ ነው፦ በአንቀጽ 77 የቤት ሰው እስከ 2,000 ባት፣ ሆቴል ከ2,000 እስከ 10,000።

«የቤቱ ኃላፊ»፣ በታይኛ ጫኦ ባን፣ ሲል ደግሞ የግድ ባለንብረት መሆን የለበትም። ሕጉ ራሱ በባለቤትነትም ይሁን በተከራይነት ቤቱን በዋናነት የያዘ ሰው ነው ይላል። ኮንዶ የተከራየ ሀበሻ ጓደኛውን ሲያሳድር እሱም ጫኦ ባን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይሄን ስነግራችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ያሳደራችሁትን ሰው ታስታውሳላችሁ።

ብቻ... ወደ መስኮቱ ልመልሳችሁ። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፣ ቅጽ አወጣችላቸው። ቢጮኹባቸው ኖሮ ቀላል ነበር መሰለኝ፤ ተናዶ መውጣት ይቻላል። ሥራዋን ነው የሠራችው። ቅጽ፣ ከዚያ የቤት ደብተር ኮፒ፣ የእናትየው መታወቂያ ኮፒ፣ የልጁ ፓስፖርት ኮፒ፦ ፎቶው ያለበት ገጽ፣ ቪዛው፣ የመጨረሻው የመግቢያ ማህተም። የታይ ሰው በሰጠው ኮፒ ሁሉ ላይ «ሳምናው ቱክ ቶንግ» ብሎ፣ ትክክለኛ ቅጂ ነው ብሎ መፈረም አለበት። ያለ ፊርማ ኮፒ ወረቀት ብቻ ነው፣ ይመልሱታል። እናትየው ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ይፈርማሉ። ልጁ «እጃቸው ቀስ ይላል» ነው ያለው። ቀስ ይላል። ከኋላ ሰልፉ ቆሟል።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓቱ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነው። 24 ሰዓቱ የሚቆጠረው ባንኮክ አየር ማረፊያ፣ ሱቫርናብሁሚ፣ ማህተም ከተመታበት ሰዓት አይደለም፣ ቤቱ ከገባበት ነው። ባንኮክ ሆቴል አንድ ሌሊት ካደረ ያንን ሌሊት ሆቴሉ ያሳውቃል። ቅዳሜ ማታ አውቶቡስ ይዞ እሑድ ጠዋት ኮን ኬን ወይም ኡዶን ቢደርስ ሰዓቱ እሑድ ጠዋት ይጀምራል። ቢሮው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። አንዳንድ ቢሮ የሰኞ ጠዋቱን ያለ ቃል ይቀበላል፣ አንዳንዱ አይቀበልም። ለዚህ ነው በኢንተርኔት አድርጉት የምለው። የሚመለከተው ኢሚግሬሽን በአካባቢው ከሌለ ሕጉ ፖሊስ ጣቢያ ይላል፤ ግን አንዳንድ ጣቢያ ቅጹን አይቶት ስለማያውቅ መልሶ ወደ ኢሚግሬሽን ይልካችኋል።

ኢንተርኔቱም የራሱ ጣጣ አለው። አካውንቱ የሚከፈተው በቤቱ ኃላፊ ስም ነው፣ በእንግዳው አይደለም። ማረጋገጫው ወዲያው ላይመጣ ይችላል፣ ስለዚህ እንግዳው አውሮፕላን ላይ ሳለ መጀመር ዘግይቷል፤ ቲኬት ሲቆረጥ ይከፈት። ከዚያ የቤት መለያ ቁጥር ይጠይቃል። እሱ የቤት ደብተሩ ላይ ያለው ባለ 11 አሃዝ ቁጥር ነው። ሰው የእናትየውን የመታወቂያ ቁጥር ይጽፋል፣ እሱ 13 አሃዝ ነው፣ ሲስተሙ አልቀበልም ሲል ይሰደባል።

ስም ደግሞ... ኧረ የእኛ ስም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ታዮች ስም እና የቤተሰብ ስም ነው የሚያውቁት። መፍትሔው አንድ ነው፦ ፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ እነዚያ ቀስት ቀስት ምልክቶች ያሉባቸው ሁለት መስመሮች አሉ አይደል? በእነሱ ቅደም ተከተል ጻፉ። አየር ማረፊያው የሚያነበው እሱን ነው። እናንተ በሌላ ቅደም ተከተል ከጻፋችሁ ሪፖርቱ ይገባል፣ ደረሰኝም ይወጣል፣ ግን ከመግቢያ መዝገባችሁ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ኋላ መስኮቱ ጋ «የለም» ይሏችኋል፣ እናንተ ደረሰኙን እያወዛወዛችሁ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ተዉት። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓመተ ምሕረት። የታይ ቅጽ በታይኛ ሲሞላ ከፈረንጁ ላይ 543 ደምሩ። እናትየው በራሳቸው ዓመት ይጽፋሉ፣ ልጁ ፓስፖርቱ ላይ ባለው፤ ልደቱን በአማርኛ ስትጠይቁት ደግሞ ሦስተኛውን ይነግራችኋል። ቅጹ ላይ አትቀላቅሉ፣ በቃ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የልደት ቀን የሞላ ሰው... ይሄን ሌላ ቀን።

ወዴት ነበርኩ? እ... ፊርማው። ፈረሙ። ከዚያ ሴትዮዋ ካልኩሌተር ላይ ቁጥር ጻፈችና አዞረችላቸው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 800 ወይም 1,600 ባት ነው፣ እንደ ቢሮው። እናትየው ቦርሳቸውን ከፈቱ። ልጁ ቀድሞ ብር አወጣ። እጁን ገፉት። ቃል አልተናገሩም አለ፣ ገፉት ብቻ። ቆጥረው ሰጡ።

ይሄን ሦስቴ ነው ያደመጥኩት። ገንዘቡ ትልቅ ሆኖ አይደለም። በሕጉ ከሄድን ደግሞ ትክክለኛዋ ከፋይ እሳቸው ናቸው! ግዴታው የእሳቸው ነበር። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው እንግዳው ነው፣ ማራዘሚያው የሚያዝበት እሱ ስለሆነ። እሳቸው ሳያውቁት ሕጉን ቃል በቃል ፈጸሙት። እሱ ደግሞ እንደ ውርደት ነው የተሰማው። እሳቸው ምን እንደተሰማቸው አላውቅም። ምናልባት ምንም። ምናልባት «ቤቴ ያለ ሰው ዕዳ ዕዳዬ ነው» ነው። እዚህ ቤት የአገራችን አማት ብትሆንም ያንኑ ታደርግ ነበር ልል ነበር፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ የኔን አድማጮች አማቶች አውቃቸዋለሁ።

ለእንግዳውም ግዴታ የለም እንዳይመስላችሁ። አንቀጽ 37 አለ፦ አድራሻ ሲቀይር በ24 ሰዓት፣ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዶ ከ24 ሰዓት በላይ ሲቆይ በ48 ሰዓት ያሳውቅ ይላል። ቅጣቱ እስከ 5,000 ባት፣ ከዚያ በየቀኑ እስከ 200 ይጨመራል። ወረቀት ላይ የእንግዳው ይከብዳል። መስኮቱ ላይ ግን የሚጠየቀው ያኛው ነው፣ የአሳዳሪው።

በ2019 ይሄ ነገር በድንገት ሲጠብቅ ጩኸት ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። ሁለት ሌሊት ሑዋ ሂን አድሮ የተመለሰ ሁሉ እንደገና ይመዝገብ ሲባል። በ2020 አጋማሽ ላላ፦ አንዴ የተመዘገበ ሰው ፈቃዱ ሳያልቅ ወደዚያው ቤት ቢመለስ፣ የመመለሻ ፈቃድ ይዞ ከአገር ወጥቶ ወደዚያው ቢገባም፣ ድጋሚ አያስፈልግም ተባለ። ጥሩ። ግን መሃል ላይ ሆቴል ያደረ ሰው ሆቴሉ ያስገባው አድራሻ መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ሆኖ ይቀመጣል፣ ስለዚህ አንዳንድ ቢሮ «አሁንም ፓታያ ነህ» ይልሃል። ማራዘሚያ ከመሄድ በፊት ድጋሚ ማስገባት ነፃ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው። ክርክሩን ማሸነፍ ትችላላችሁ፤ ቀኑን ግን ትከስራላችሁ።

ሌላው በፈረንጁ ከሜይ 1፣ 2025 ጀምሮ የመጣው ዲጂታል የመግቢያ ካርድ። ከመግባት በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የሚሞላው። እዚያ ላይ «የአማቴን አድራሻ ጽፌያለሁ፣ አይበቃም?» የሚል በየሳምንቱ ይመጣልኛል። አይበቃም። ያ የእንግዳው ቃል ነው፣ ቲኤም 30 የአሳዳሪው። የ90 ቀኑ የአድራሻ ሪፖርት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፣ ከቀኑ 15 ቀን በፊት እስከ 7 ቀን በኋላ፣ በነፃ፤ እሱም ቪዛ አያራዝምም። ለውጭ ዜጋ የሚሰጠው ቢጫው የቤት ደብተር ያላችሁም፣ አምፉር፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ሄዳችሁ የተመዘገባችሁት፣ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ቲኤም 30ን አይተካም።

ለምን አስፈለገ ሲባል መልሱ ሁሌም ጸጥታ ነው። ማን የት እንዳደረ ይታወቅ። ይሁን። ከዚያ ግን የካቲት 2025 ይመጣብኛል። ከማያንማር የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች አውጥተው፣ ወንዝ አሻግረው ታክ ክፍለ ሀገር ያስረከቧቸው 260 የሚሆኑ ሰዎች፣ ከግማሽ በላይ የኛ ልጆች። በዚህ አገር የሥራ ተስፋ ተሰጥቷቸው የመጡ ነበሩባቸው። የመጀመሪያዋን ሌሊት የት አደሩ? ማን አስመዘገባቸው? በየመስኮቱ አሮጊት ስታስፈርም የምትውል አገር... አይ። ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሳላዘጋጅ አልገባበትም። ተውኩት።

የልጁ ጥያቄ። መጨረሻዋ ላይ አለ ብያችሁ ነበር። «ወንድሜ፣ ሁለተኛ እሳቸው እንዳይጠሩ የቤት ደብተሩ ላይ ሚስቴን ጫኦ ባን ብናደርጋትስ?» ነው ያለው።

ይቻላል። አምፉር ሄዶ ማስቀየር ነው፣ ሁለቱም ተገኝተው፣ ደብተሩንና መታወቂያቸውን ይዘው። የመሬትና የቤት ባለቤትነትን አይነካም፣ የመሬቱ የሚታየው በቻኖት፣ በመሬቱ የባለቤትነት ደብተር፣ ነው፤ ደብተሩ የነዋሪ መዝገብ ነው። ግን ሳትቀይሩም መንገድ አለ። እናትየው ለሚስትህ ውክልና ይፈርሙ፤ ለአንድ ጊዜ ጉዳይ ከሆነ የ10 ባት ቴምብር፣ ለተደጋጋሚ የ30፣ ከታወቁት መታወቂያ ኮፒዎች ጋር። ወይም አካውንቱ በእሳቸው ስም ይከፈትና ሚስትህ በስልኳ ታስገባው። ማንም አይጠራቸውም።

ስለዚህ መልሱ ቀላል ነው፣ ስሙ ባለበት ይቆይ ልለው ነበር። ግን ደግሞ መልእክቱን ሳደምጠው... የሸሸው ቅጣቱን ነው ወይስ ሌላ ነገር? ሚስቱ ብትሆን ኖሮ ያ «ለምን አላሳወቁም» ለእሷ ይዞር ነበር። እሷ ታይኛ ትመልሳለች፣ ትከራከራለች፣ ወጣት ናት። ያ አንድ ነገር ነው። በሌላ በኩል ሴትዮዋን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኖሩበት መስመር አንስቶ «ነዋሪ» የሚለው ውስጥ መጻፍ፣ ለወረቀት ብሎ... እሳቸው ግድ ላይሰጣቸው ይችላል። «አድርጉት» ብለው ይስቁ ይሆናል። ወይም ዝም ብለው ይፈርማሉ፣ ያንን «ሳምናው ቱክ ቶንግ» እንደፈረሙት፣ እና ማንም ምን እንዳሰቡ አያውቅም። ልጁ ጠይቋቸው ይሆን? መልእክቱ ላይ አላለም። ሚስቱ ትጠይቃቸው ልበል? እሷም ብትሆን እኮ... ቆይ፣ ስልኬ ነው። እሱ ራሱ ነው እንዴ የጻፈው? አይደለም።

እንጃ። ውክልናውን አዘጋጁ፣ የ30ውን ቴምብር። ደብተሩን ግን...