ያቺ ሃይላንድ ማስረጃ አትሆንም

(በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ለማገልገል ለተመዘገቡ የሕግ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይላሉ አባቶቻችን። ልጅ እያለሁ ይህን ስሰማ ውሃው እውነት ቀጥ የሚል ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ወንዝ ነው። ስለ አቃቂ። በሕግ አምላክ ተብሎበታል። ኧረ ደጋግሞ ተብሎበታል። እሱ ግን ያው ይወርዳል፣ የያዘውን ይዞ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ከቃሊቲ በታች፣ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ በሚወስደው በኩል፣ ወንዝ ዳር ያርሳሉ። ፌስታላቸውን ፈተው አንድ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ጠረጴዛዬ ላይ አቆሙ። ውሃው ግራጫ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ከታች ጥቁር ዝቃጭ ተኝቷል። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ክፈተውና አሽትተው» አሉኝ። ከፈትኩት። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ባልደረባዬ ሮጣ መስኮት ከፈተች።

«ላሜ ይህን ጠጥታ ነው የሞተችብኝ። ይኸው ማስረጃው። ክሰስልኝ።»

ሽታውን አውቀዋለሁ። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ፀጉሩን ከቆዳው ለማላቀቅ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ይጠቀማሉ። ያ ሽታ ከሰልፋይዱ ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ ደግሞ ቆዳው ክሮም ከሚባል ብረት በተሠራ ጨው ይለፋል፤ ቆዳው ያልመጠጠው ክሮም ካልተጣራ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ግን ያው ሽታ ከመጸዳጃ ፍሳሽም ሊመጣ ይችላል። አቃቂ የፋብሪካ ብቻ ሳይሆን የመላው ከተማ ቱቦ ነው። ስለዚህ እንደ ጠበቃ መጠየቅ ጀመርኩ።

«መቼ ቀዱት እማማ?»

«ባለፈው ሳምንት። ሐሙስ ይሁን አርብ።»

«ማን እያየ?»

«እግዚአብሔር እያየ።»

«ከየትኛው ፋብሪካ የወጣ ነው?»

«ከላይ ነው የሚመጣው።»

ሦስቱም መልሶች እውነት ናቸው። ሦስቱም ችሎት ፊት አይቆሙም። ለብረታ ብረት ምርመራ የሚቀዳ ናሙና አሲድ ተጨምሮበት ነው የሚያዘው። ለሌላው ብክለት የሚቀዳው በበረዶ ሳጥን ተይዞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ እንደተቀዳ ይጻፋል፤ ይታሸጋል። እሳቸው ያመጡልኝ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ የዋለች ሃይላንድ ናት። የተከሳሽ ጠበቃ ተነስቶ «ከዚህ በፊት ምን ነበረባት? ናፍጣ?» ቢል ምን እመልሳለሁ?

ይህን የምነግራችሁ ሕጉ ስስታም ነው ለማለት አይደለም። እንዲያውም ለጋስ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ላም የሞተባቸው ብቻ ሳይሆኑ እናንተም መክሰስ ትችላላችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ በር የሌላቸው አገሮች አሉ።

በሩ ሰፊ ነው። ችግሩ ከበሩ በፊት ያለው መንገድ ነው።

እማማ አቤት ያሉት በቃል፣ ለቀበሌ ነበር። ወረቀት የለም። ወረቀት ከሌለ ቀን የለም፤ ቀን ከሌለ 30ው ቀን ከየት ይቆጠራል? ለላሟ ካሣ እንጠይቅ ብንል ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ነው የሚሰጠን። ላም በአንድ ቀን ትሞታለች፣ ቀኗ ይታወቃል። የሰው ኩላሊትስ? ቀስ እያለ ለሚጎዳ ሰው ሁለቱ ዓመት ከየትኛው ቀን ይጀምራል?

ደግሞስ አቤቱታው ለማን ነው? መሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን ነበር። ሚኒስቴር ሆነ። ኮሚሽን ሆነ። አሁን ተመልሶ ባለሥልጣን ነው። አንድ ገበሬ ታፔላ ሲከታተል ሊኖር አይችልም። ፋብሪካው አዲስ አበባ፣ ማሳው ኦሮሚያ ከሆነ ደግሞ የከተማው ቢሮ «ጉዳቱ የደረሰው ከክልላችን ውጭ ነው» ይላል፣ የክልሉ ቢሮ «ፋብሪካው እኛ ጋ አይደለም» ይላል። ውሃው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ወሰኑን ተሻግሮ አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ።

የሞከረ አልነበረም እንዳትሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለ የሲቪል ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄዷል። የከሰሰው ፋብሪካዎቹን ሳይሆን ተቆጣጣሪውን፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው። ሥራህን አልሠራህም ብሎ። ክሱ ውድቅ ተደረገ፤ ይግባኙም አልተሳካም። የወንዙ ውሃ ምን እንደያዘ በማስረጃ ሳይመረመር መዝገቡ ተዘጋ። እኔ በግሌ ያ ውሳኔ ልክ አልነበረም ባይ ነኝ። የሚቆጣጠረው ሰው ካልተቆጣጠረ፣ እሱን የማይጠይቅ ፍርድ ቤት ማንን ሊጠይቅ ነው?

ጎረቤታችን ኬንያ ሌላ መንገድ ሄዳለች። ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት የሚያወጣ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፊሊስ ኦሚዶ እዚያው ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሕፃን ልጇ ታመመ፤ ሲመረመር እርሳስ ነው። ሥራውን ትታ ሰፈሩን አስተባበረች። በ2020 እ.ኤ.አ. የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤቱ ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ፈረደ። ልብ በሉ፤ ትልቁን የኃላፊነት ድርሻ የጣለው በፋብሪካው ላይ ሳይሆን በብሔራዊው የአካባቢ ተቆጣጣሪ ላይ ነው። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ሻረው። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያውን ፍርድ መልሶ አጸናው። የኬንያ ዳኞች ከእኛዎቹ ይበልጣሉ አልልም። የነዋሪው ደም ተመርምሮ ነበር፤ አፈሩም። ዳኛው ፊት ወረቀት ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ 5 ዓመት ሰጥቷቸው ነበር። አምስቱ ዓመት ካለቀ አሥር ዓመት አልፎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 ከ10 ሺህ ብር የማይበልጥ መቀጮ ወይም ከ5 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እሥራት ይላል። ለድርጅት ሲሆን መቀጮው በሌላ አንቀጽ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም በዛሬ ገበያ 10 ሺህ ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ማጣሪያ ከማሠራት መቀጣት የሚረክስ ከሆነ የፋብሪካው ሒሳብ ሹም ምን እንደሚመክር ግልጽ ነው። አይቻልም እንዳይባል ደግሞ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ገና ሲገነባ ከታሰበበት ይቻላል።

የእማማን ነገር ግን አልጨረስኩላችሁም።

የሚያስፈልገውን ሁሉ ነገርኳቸው። ናሙና እንደገና እንደምንቀዳ፣ አቤቱታ በጽሑፍ እንደምናስገባ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ። «ውሃው መርዝ ነው ብዬ ከከሰስኩ ቆስጣዬን ማን ይገዛኛል?»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ጥሩ መልስ የለኝም። በዚያው ውሃ ነው የሚያጠጡት። ቆስጣው፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሰላጣው አዲስ አበባ ነው የሚገባው። በአቃቂ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደ ክሮም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። እሳቸው ክሱን ቢያሸንፉ መጀመሪያ የሚዘጋው ፋብሪካው አይሆንም፤ የሳቸው መደብ ነው። ልጃቸው ደግሞ እዚያው ላይ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የቀን ሠራተኛ ነው። ይህንንም መጨረሻ ላይ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ነው የነገሩኝ።

«ይቅርብኝ» ብለው ሄዱ። ሃይላንዷን ረስተዋት ነው ወይስ ትተውልኝ፣ አላወቅኩም። የዚያን ዕለት ጾም ነበር። ምሳ በያይነቱ አዘዝኩ። ዳር ላይ ቆስጣ ነበረበት። በላሁት።

የፍትሕ ተደራሽነት ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ነጻ ጠበቃና የዳኝነት ክፍያ ነው። እኔ እማማን በነጻ ልቆምላቸው ዝግጁ ነበርኩ። ያጡት ሌላ ነገር ነው። ላቦራቶሪ አጡ፤ የአንድ ናሙና ምርመራ ዋጋ ከሳቸው አቅም በላይ ነው። ቀን ያለው ወረቀት አጡ። ስማቸው ሳይጠራ ስለሳቸው የሚከስ ሰው አጡ። አንቀጽ 11 የተጻፈው ለዚህ ለሦስተኛው ይመስለኛል። ማንኛውም ሰው ሲል እናንተን ነው። እናንተ ቆስጣ አትሸጡም። ልጃችሁ ፋብሪካ አይሠራም።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው በጣም ተራ ነገር ነው። ደብተር። ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች ውሃው መቼ ቀለሙን እንደሚቀይር ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሌሊት ነው የሚለቁት ይሏችኋል፤ የበዓል ዋዜማ ይሏችኋል። ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ደውሎ፣ ቀን በሥራ ሰዓት ሲመጣ ውሃው ጨዋ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቀለሙ፣ ሽታው፣ ስልክ ላይ የተነሳው ፎቶ በተከታታይ ለስድስት ወር ቢመዘገብ፣ ናሙና የሚቀዳበትን ትክክለኛ ሌሊት እናውቃለን። የዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ክፍል ሊመረምርልን ፈቃደኛ ነው። አቤቱታውን በእናንተ ስም እናስገባለን፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ እንቀበላለን፤ 30ውን ቀን እንቆጥራለን።

ሃይላንዷ አሁንም ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ናት። ዝቃጩ ጠቅልሎ ተኝቷል፤ ላዩ ጠርቷል፤ ያየ ሁሉ ጠበል ነው ወይ ይለኛል። መክፈት ግን ክልክል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት መኪናው ከግቢው በር ይነሳል። ቦቲ ጫማ ያላችሁ አድርጉ። ደብተሩን እኛ እንገዛለን።