ሲሚንቶው ሲነሣ፦ አድናቂዎች የ1977ቱን «ስታር ዋርስ» እንዴት መለሱት?

[ምስል፦ የፋሲል ግንብ ግድግዳ በቅርበት። አቅራቢው ከፊቱ ቆሟል።]

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ከቤት ወጥቻለሁ። ከኋላዬ ያለውን ታውቁታላችሁ። «አንተ የፊልም ቻናል አይደለህም ወይ? ከግንብ ጋር ምን አገናኘህ?» የሚል አይጠፋም። ታገሡኝማ። ግንቡ ይመጣል።

የማወራችሁ ስለ «ስታር ዋርስ» ነው። ስለ መጀመሪያው። «አይተነዋል» ትላላችሁ። እኔ ደግሞ አላያችሁትም እላለሁ። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት፣ በብሉሬይ የገዛችሁት፣ ዲዝኒ ፕላስ ላይ ያለው፣ ሁሉም ሌላ ነው። በ1977 ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ያየውን ፊልም አላያችሁትም።

በነገራችን ላይ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው። ሰባ ሰባት ስል ያን የኛን ክፉ ዘመን እንዳታስቡብኝ።

ታሪኩ አጭር ነው። ፊልሙ ሜይ 25 ቀን 1977 ወጣ። ዓለምን አናወጠ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1997፣ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ ፊልሙን ከፈተና ነካካው። በኮምፒውተር የተሠሩ እንስሳት ጨመረ። ተቆርጦ የቀረ ትዕይንት መለሰ። በ2004 ዲቪዲ ሲወጣ እንደገና ነካው። በ2011 ብሉሬይ ሲወጣ እንደገና። በ2019 ዲዝኒ ፕላስ ሲከፈት ደግሞ እንደገና! ሰውየው እጁ አያርፍም።

ሁሉም የሚጣላባት አንዲት ትዕይንት አለች። መጠጥ ቤት ነው። ከፊልሙ ጀግኖች አንዱ ሃን ሶሎ ሊይዘው ከመጣው ከግሪዶ ጋር ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። በ1977ቱ ሃን ከጠረጴዛው ሥር ይተኩሳል፣ አለቀ። በ1997ቱ ግን መጀመሪያ ግሪዶ ይተኩስና ይስታል። ከጠረጴዛ ማዶ ሆኖ ይስታል! ይሄን ለጎንደር ሰው ማን ያሳምነዋል? እንዲህ የሚስት ሰውማ እዚህ ጠመንጃም አይሰጠው።

«የመጀመሪያውን ለምን አይሸጡልንም?» ትሉ ይሆናል። በ2006 ሸጡት። ግን እንዴት? የዲቪዲ ምርቃት አድርገው። ያውም በ1993፣ ከዲቪዲ በፊት ለነበረው ሌዘርዲስክ ከተዘጋጀ የድሮ ቴፕ ገልብጠው። ምስሉ መሐል ላይ ትንሽ ሆኖ ዙሪያው ጥቁር ነው። ዲቪዲው ካለው 480 የምስል መስመር ውስጥ ለፊልሙ የደረሰው 270 ቢሆን ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ስትከፍቱት ምስሉን በሻሽ አሻግራችሁ የምታዩት ይመስላችኋል።

የሚገርማችሁ፣ ይኸው ሉካስ በ1988 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የድሮ ፊልሞች መነካካት የለባቸውም ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። ያኔ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀለም የሚቀቡትን ነበር የሚከሰው። ምን ልበላችሁ።

ስለዚህ አድናቂዎች ተነሡና የ1977ቱን ፊልም ራሳቸው መለሱት። እንዴት? እሺ፣ ወደ ግንቡ።

[ምስል፦ ካሜራው ወደ ድንጋዩ ይጠጋል።]

የጎንደር ልጅ ሁሉን ነገር በግንብ ነው የሚያስረዳው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ይሄን ነገር ከግንቡ በተሻለ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም።

ግድግዳውን እዩት። ድንጋይ አለ። በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ማያያዣ አለ። ኖራ ነው። አፄ ፋሲል በ1636 ከተማዋን ሲቆረቁሩ የዛሬው ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነበረም። ግንቡን ይዞ ያቆመው ኖራ ነው። ኖራ ደግሞ ለስላሳ ነው። ይተነፍሳል። ክረምት ይጠጣል፣ በጋ ይተፋል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ግንቦቹን ላድስ አለና በሲሚንቶና በአርማታ ለጠፋቸው። በክፋት ነው? አይመስለኝም። በዚያ ዘመን የሠለጠነው ነገር ሲሚንቶ ነበር። ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ያምራል። ልክ በ1997 ኮምፒውተር እንደነበረው ማለት ነው። አዲስ መሣሪያ እጅህ ሲገባ ሁሉም ነገር ጥገና የሚያስፈልገው ይመስልሃል።

ግን ሲሚንቶ አይተነፍስም። ውሃው ከኋላው ይታመቃል። መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን መብላት ይጀምራል። ስለዚህ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እየፈለፈሉ አነሡት፤ በቦታው ኖራ መለሱ።

አሁን ልብ በሉ። ሲሚንቶ ማንሣት ራሱ ትልቅ ነገር አይደለም። መዶሻና ትዕግሥት ነው። ጣጣው ካነሣኸው በኋላ የሚቀረው ጉድጓድ ነው። እዚያ የነበረው ድንጋይ የለም። በምን ትሞላዋለህ? አዲስ ድንጋይ ጠርበህ ብትከት ከሩቅ ያስታውቃል። ከሌላ ከፈረሰ አጥር ብታመጣ ዕድሜው ይመሳሰላል፣ ግን ልኩ እንቢ ይልሃል። ልኩን ብታገኝ ቀለሙ ይለያል። አንዱን ጉድጓድ በአንድ ድንጋይ፣ ሌላውን በሌላ እየሞላህ ትሄዳለህ። ከዚያ ሁሉንም አንድ የሚያደርገው ኖራው ነው። ኖራው ካላማረ ግድግዳው የተጣፈ ሱሪ ነው የሚመስለው።

አድናቂዎቹ የሠሩት ይሄንኑ ነው። ድንጋዩ ከየቦታው የተለቀመ ምስል ነው። ኖራው ቀለሙና የፊልሙ ግሬን፣ ማለትም ምስሉ ላይ ያለው ደቃቅ ነጠብጣብ፣ ነው። በቃ፣ ቪዲዮው አለቀ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ!

ቀልዴን ነው። ግን እውነት ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ደወሏንም ንኳት። እዚህ ፀሐይ ላይ የቆምኩት ለጤናዬ አይደለም።

[ምስል፦ ጃን ተከል ዋርካ ሥር። አቅራቢው ተቀምጧል።]

ወደ ጥላ መጣሁ። የሥራውን ነገር ልነግራችሁ ነበር፣ ግን አንድ ጥያቄ ሰላም አልሰጠኝም። ባለፈው ይሄን ርዕስ እሠራለሁ ስላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ ይቺኑ የጠየቃችሁኝ! «በ1977 ኤችዲ የሚባል ጥርት ያለ ምስል አልነበረም። ታዲያ ኤችዲውን ከየት አመጡት? አዲስ ሠርተው ነው እንጂ።»

ጥፋቱ የናንተ አይደለም። የቪዲዮ ቤቱ ነው።

እኔ ይሄን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ፒያሳ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ስምንት ሆነን ተጠጋግተን። ካሴቱ የቅጂ ቅጂ ነው። ሰማዩ ቡናማ፣ የሰዎቹ ፊት ብርቱካን፣ ከታች በኩል ነጭ መስመር ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ካሴቱን አውጥቶ እፍ ይልበትና ይመልሰዋል። ይሻሻላል ብለን እንጠብቃለን። አይሻሻልም። እኛም ድሮ ፊልም ማለት እንዲህ ነው ብለን አደግን።

ግን ያ ካሴቱ ነው እንጂ ፊልሙ አይደለም! ፊልሙ የተቀረጸው 35 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሴሉሎይድ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ፎቶግራፍ ነው። በሰከንድ 24 ፎቶ። ፊልሙ 121 ደቂቃ ነው፣ አባዙት፤ ከ174 ሺህ ፎቶ በላይ ይመጣል። የአባቶቻችንን የድሮ ፎቶ አይታችሁ የለ? የጋቢው ጥለት ሳይቀር የሚቆጠርበት? ዲጂታል ካሜራ ሳይኖር ጥለቱ እንዴት ታየ? በፊልም ስለተነሣ ነዋ! ያንን ፎቶ በደካማ ስልክ ደግማችሁ ብታነሡት ግን ይደበዝዛል። ቪኤችኤስ፣ የቪዲዮ ቤቱ ካሴት፣ ማለት ያ ስልክ ነው።

ስለዚህ ኤችዲው አልተፈጠረም። ከመጀመሪያውም ነበረ። የሚያወጣው ስካነር ነው የጠፋው።

የዚህ ስሕተት ወንድም ደግሞ አለ። «የመጀመሪያው ከሆነ አሮጌ መምሰል አለበት» የሚል። በቅርቡ ግንቡ ሲታደስ የተጨቃጨቅነውን ታስታውሳላችሁ። ነጣ ሲል ስንቱ ሰው «ቀለም ቀቡት!» ብሎ ጮኸ። ጥገናው ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለባለሙያ ልተወው፣ ድንጋይ አታስወርውሩብኝ። ግን እኛ «የጥንቱ መልክ» የምንለው በልጅነታችን ያየነውን ጥቁረት ነው። ፋሲል ያዩት እሱን ነው? ፊልሙም እንዲሁ ነው። እኔ የማውቀው ብርቱካናማ ፊት ዳይሬክተሩም አያውቀው።

እሺ፣ አሁን ሥራው። እፈጥናለሁ።

በጣም የታወቀው ሥራ «ዲስፔሻላይዝድ ኤዲሽን» ይባላል። ሀርሚ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ የቼክ ሰው ከብዙ አጋዦች ጋር ሆኖ ሠራው። በ2011 ነው መውጣት የጀመረው። መሠረቱ የ2011ዱ ብሉሬይ ነው፤ ያልተነካው ክፍል ጥርት ያለ ነውና። የተነካው ቦታ ሲደርስ ሌላ ምንጭ ይገባል። የ2006ቱ ዲቪዲ አለ፣ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ኤችዲ አለ፣ ከሲኒማ ቅጂ የተሰካነ ፍሬም አለ። ሁሉም በፍሬም ይገጣጠማሉ። እዚህ ላይ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ስልት የተቀዳ የእኛን ዓይነት ቅጂ የያዘ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ፓል በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚያጫውት ፊልሙ በ4 በመቶ ይፈጥናል፣ 121 ደቂቃው 116 ይሆናል። መጀመሪያ እሱን ማዘግየት ነው። ከዚያ ማስክ፣ ማለትም የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ ከልሎ መቁረጥ። አንድ የተጨመረ እንስሳ ብቻ ከሆነ እሱ ያለበት ቦታ ይቆረጥና ከሥሩ የድሮው ምስል ይገባል። ከዚያ ቀለም ማመሳሰል። ከዚያ ግሬን መመለስ። በቃ።

ቀለሙ ላይ ግን ትንሽ ልቁም። የዚያ ዘመን አብዛኛው የሲኒማ ቅጂ ሲያረጅ ይቀላል። ሰማያዊውና አረንጓዴው ይጠፋና ሮዝ ይቀራል። «ትክክለኛው ቀለም የቱ ነው?» ብትሉ የሚመሰክር የለም። ግን በቴክኒከለር የቀለም ማተሚያ የታተሙ ጥቂት ቅጂዎች አሉ። እነሱ አይለቁም። ምስክሮቹ እነሱ ናቸው። «4ኬ77» የተባለው ሌላው የአድናቂዎች ሥራ እንዲያውም በአቋራጭ ሄደ። ጥገና፣ ልጠፋ የለም፤ ከእነዚህ የ1977 ቅጂዎች አንዱን አገኙና በ4ኬ፣ ከኤችዲ በላቀ ጥራት፣ ሰካኑት። 97 በመቶው ከዚያች አንዲት ቅጂ ነው። ጭረት አላት፣ አቧራ አላት፣ እኔ ግን እሷን እመርጣለሁ።

ድምፁም የራሱ ታሪክ አለው። በ1977 ሦስት ዓይነት ድምፅ ነበር። ለ70 ሚሊሜትር ቅጂ አንድ፣ ለ35ቱ ስቴሪዮ አንድ፣ ስቴሪዮ ለሌለው ሲኒማ ቤት ሞኖ። ሞኖው ላይ ያሉ አንዳንድ ንግግሮች ስቴሪዮው ላይ የሉም። ፊልሙ ውስጥ ያለችው የአክስት ቤሩ ድምፅ እንኳ የሌላ ሰው ነው። ታዲያ «የመጀመሪያው» የቱ ነው? እዚህ ላይ ተጣሉ፣ እኔ የለሁበትም።

«ሕጋዊ ነው ወይ?» ለምትሉ፣ ፊልሙ ባለቤት አለው፣ አድናቂዎቹ አይደሉም። ሀርሚ ራሱ ሕጋዊውን ቅጂ ያልገዛ ሰው የእሱን እንዳይወስድ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሊንክ አትጠይቁኝ። በ2025 ለንደን ላይ የብሪታንያ የፊልም ተቋም አንድ የ1977 ቅጂ በሕጋዊ መንገድ ለተመልካች አሳይቷል። ስለዚህ የለም፣ ጠፍቷል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የእኔ አቋም ይሄ ነው። ሉካስ ቤቱን መቶ ጊዜ ይለስነው፣ መብቱ ነው። የፊተኛውን ግን አይደብቅብን።

[ምስል፦ ሁለት ቪኤችኤስ ካሴቶች፣ የምግብ ጠረጴዛ ላይ።]

አሁን ቤት ነኝ። ዝም ብዬ አላወራም፣ ሞክሬዋለሁ። እነዚህ የእታለም የሠርግ ካሴቶች ናቸው። ይሄኛው ፎቶ ቤቱ ኤዲት ያደረገው ነው። ጥራቱ ደህና ነው። ግን ባለካሜራው አዲስ ኤፌክት ሳይገዛ አልቀረም። ቀይ ልብ እየተሽከረከረ ይመጣና እስክስታ የምትመታውን አክስቴን ፊቷን ይሸፍናታል። አርባ ሰከንድ! በላዩ ላይ ደግሞ ዘፈን ጭኖበታል።

ሁለተኛው አዘዞ አጎቴ ቤት አልጋ ሥር የተገኘ ነው። ያልተቆረጠው ጥሬው። ሻጋታ በልቶታል፣ ቀለሙ የለም፣ ግን ልብም የለም። በዕለቱ የዘፈነው አዝማሪ ድምፅም አለበት።

መሠረቱን ከመጀመሪያው ወሰድኩ። ልቡ ያለበትን በማስክ ቆርጬ ከሁለተኛው ሞላሁ። ቀለሙን ከአክስቴ ቀሚስ ጥለት ላይ አመሳሰልኩ። ቀሚሱ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ፣ አውጥተን ስክሪኑ አጠገብ ያዝነው። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ድምፁን ስመልሰው አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ አባቴን በስሙ ሲያወድሰው ይሰማል። አባቴ በዚያ ሠርግ ላይ መወደሱን ረስቶት ነበር።

ትናንት ማታ ቤተሰቡን ሰብስቤ ከፈትኩት። እታለም እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየች። ከዚያ ዞራ፣ «አንተ፣ ልቧን የት አደረስካት? እሷ ነበረች እኮ የምታምረው» አለችኝ።

ስለዚህ ፍላሹ ላይ አሁን ሁለት ፋይል አለ። አንዱ ልብ ያለው ነው።