«አባ» ወይስ «ዶክተር»? የዘንድሮው የመክፈቻ ንግግሬ

እንዴት ናችሁ፣ ወደ ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ እንኳን ደህና መጣችሁ። የክብር እንግዶች፣ ቦርዱ፣ ጋሼዎችና እትዬዎች፣ ስም እየጠራሁ ብሄድ ምሳው ይቀዘቅዛል። ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ነው፤ የድሮ ፎቶዎች ስካን ተደርገዋል፣ የአንጋፋዎቻችን ድምፅ ተቀድቷል፣ ኦዲቱም አልቋል። በቃ።

እኔን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ድንጋይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ለነበሩት ካናዳዊ፣ ለዶክተር ሉሲየን ማት፣ ማስታወሻ እናሠራ ብለን ተስማማን፣ እብነ በረዱ ተመረጠ፣ ቀራጩ ቀብዱን ወሰደ፣ ከዛ ቴሌግራም ላይ አንዱ «አባ ተብሎ ይጻፍ፣ ቄስ ናቸው» አለ፣ ሌላው «ኢየሱሳዊ፣ የካቶሊክ ቄስ ብለን ድንጋይ ላይ? የሱስንዮስን ዘመን ረሳችሁት?» አለ፣ ይኸው እስከዛሬ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት፤ የልጅ ብስክሌት ተደግፎበታል።

እኔ እንኳን ቂሙ ይገባኛል። አፄ ፋሲል አባታቸውን ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረጉትን ኢየሱሳውያን ካባረሩ 300 ዓመት አልፎም ሰው አልረሳም ነበር፤ ጃንሆይ ማትንና ሌሎች የካናዳ ኩቤክ ኢየሱሳውያንን በ1945 እ.ኤ.አ. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ ሲያመጧቸው ውሉ ግልጽ ነበር፣ የቄስ ልብስ የለም፣ ስብከት የለም፣ ማስተማር ብቻ። ማትም በሱፍ ልብስ አስተማሩ፣ «ዶክተር» ተባሉ። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ኮሌጁ ሲከፈት ፕሬዝዳንት ሆኑ፣ በ33 ተማሪ! አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ፣ ኮሌጁ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ፣ አገሩ የሚያወራው በአማርኛ። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ላይብረሪውን ያደራጁት በሳቸው ጊዜ ነው። ኮሌጁ ራሱ መጀመሪያ ሥላሴ ኮሌጅ ነበር የተባለው፣ ስም ተቀየረ ተብሎ ግን ክፍል አልተዘጋም። በ1954 ዓ.ም. ጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ፕሬዝዳንትነቱ ለሌላ ሄደ። እዛ ግቢ ዛሬ ስንት ሺህ ልጅ ይገባል ይወጣል፣ ሰውየውን የሚያውቅ ግን በጣት ነው፣ እሱም እኛው ነን፣ እኛም ቀንሰናል።

እና እናንተ ሁለት ፊደል ላይ ዓመት ፈጃችሁ። ቄስነታቸውን መደበቅ ውሸት ይሆናል፣ እዚህ አገር ሳሉ ያልተጠሩበትን መጻፍ ደግሞ የገቡትን ቃል ማፍረስ ነው፣ እኔ ስማቸው ብቻ ይጻፍ ባይ ነኝ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስድስት መልእክት ደርድረህ የላክህልኝ ወንድሜ፣ ወንበርህ ይኸው ባዶ ነው፣ የሁለት ዓመት መዋጮህም አልገባም። ስድብህን ተቀብያለሁ፣ ቀራጩ ግን ስድብ አይቀበልም፣ ቀሪውን ብር ነው የሚፈልገው። ይህን ንግግር የምትቀዱ ልጆች፣ ለዚያ ወንድሜ ላኩለት።

ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዛ በሩ ጋ ተቀምጣለች። ከምሳ በፊት እጅ አውጥተን እንወስናለን፣ መጀመሪያ ግን ማይኩን ለጋሼ ስጧቸው፣ እዚህ ካለነው ሰው ሁሉ እሳቸው ናቸው ማት ክፍል ገብተው የተማሩት።