መቅላት ብቻ አትፈልጉ

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ እንኳን ለነርሶች ቀን አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ቁስልን ለይቶ ማወቅ» ይላል። ቃጠሎ፣ የአልጋ ቁስል፣ የደም ሥር ቁስል፤ ሁሉም በሃያ ደቂቃ! ይቅርታ አድርጉልኝና ጊዜዬን ለአልጋ ቁስል ልሰጠው ነው።

የአልጋ ቁስል አንደኛ ደረጃ ምን እንደሚባል ሁላችንም ተምረናል። ቆዳው አልተቀደደም፣ ግን ቀልቷል፤ በጣት ሲጫኑት አይነጣም። ጥሩ። እስቲ ከየዎርዳችሁ ታካሚዎች የስንቱ ቆዳ ነው ሲቀላ የሚታየው?

አንድ ጊዜ ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ተኝተው ነበር። የምታስታምማቸው ልጃቸው ናት፤ ሌሊቱን መሬት ላይ ካርቶን አንጥፋ ታድራለች። «ሲስተር፣ እዚህ ከወገባቸው በታች ይግላል» አለች። ተረኞቹ ገልጠው አዩ። መቅላት የለም። ቻርቱ ላይ «ቆዳ ደህና» ተባለ። በማግስቱ «ጠጠር ብሏል፤ ስነካቸው ያማቸዋል» አለች። አሁንም መቅላት የለም! «አንቺ ደግሞ አታስቸግሪ» ተባለች። ሳምንት ሳይሞላ ቦታው ጠቆረ፣ ተላጠ፣ ስቡ ታየ። ሦስተኛ ደረጃ። ያኔማ ሁሉም አየው።

ሙቀት፣ ጥንካሬ፣ ሕመም። ልጅቷ ሦስቱንም ተናግራ ነበር። መመሪያውም ቢሆን ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ በእጅ ዳስሱ ይላል። እኛ ጋ ሲደርስ ያ መስመር የት ይጠፋል? «የሰው እጥረት ነው» እንዳትሉኝ። እጥረቱን አውቀዋለሁ፣ ኖሬበታለሁ። ግን የእጅን ጀርባ ተረከዝና ወገብ ላይ አሳርፎ ከአጠገቡ ቆዳ ጋር ማወዳደር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አስታማሚ ስትናገር መስማትስ በጀት ይጠይቃል?

ከደም ሥር ችግር የሚመጣውን የእግር ቁስል ባጭሩ ልለፈው። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፈሳሽ የሚበዛበት፣ እግሩም ያበጠ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የደም መልስ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ነው። ጣቶች ላይ ሆኖ እግሩ ከቀዘቀዘ ደም ቅዳውን፣ ማለትም ደምን ከልብ የሚያመጣውን ሥር ጠርጥሩ። የመጀመሪያውን አጥብቆ ማሰር ያድነዋል፤ ሁለተኛውን እግር ሊያስቆርጠው ይችላል። ስለዚህ ፋሻ ከማንሳታችሁ በፊት የእግሩን ትርታ ፈልጉ። ቃጠሎ ላይ ደግሞ «አያመኝም» የሚል ታካሚ አያዘናጋችሁ። ጥልቅ ቃጠሎ ነርቩን ስለሚገድል ነው።

አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የመግቢያ ቅጻችን ላይ «የቆዳ ቀለም» ከሚለው ሥር ሙቀት፣ ጥንካሬና ሕመም ይጨመሩ፤ አስታማሚ ያለችውም የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። ረቂቁን ሠርቼ ለነርሶች ኃላፊ፣ ለሜትሮን ሰጥቻለሁ። ከሻይ በፊት ፈርሙልኝ።