ደብተሩ ላይ የቀረው ዕዳ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ከግንቦት ጀምሮ ውስጤ ሲመላለስ የከረመ ነገር ነው።

ግንቦት ላይ ከገርጂ ለቅቄ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ዕቃዬ አንድ ፒክአፕ እንኳን አልሞላም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በር ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው የቧንቧ መፍቻ ይዟል።

«የአምስት ወር ውሃ አልተከፈለም። ልንቆርጥ ነው» አለኝ።

«እኔ እኮ ከገባሁ ገና ሦስት ቀኔ ነው!»

«እሱን ከአከራይህ ጋር ተነጋገር። እኛ የምናውቀው ቆጣሪውን ነው።»

ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ስልኩ ዝግ ነው። መብራቱ የካርድ ስለሆነ ዕዳ የለበትም፣ ካርዱ ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል። ውሃው ግን ወር እየቆየ ነው የሚከፈለው። አከራዬ ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን እኔ እንድንችል ለመኑኝ። ከፈልኩ። ግን በጣም ተናድጄ ነበር። ያልጠጣሁትን ውሃ፣ ያልታጠብኩበትን ውሃ!

የዚያን ሌሊት የሰፈሩ ፈረቃ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ ጀሪካን ስሞላ ያንን ሰውዬ በሆዴ እየረገምኩ ነበር። ድንገት የእማማ ደብተር ትዝ አለኝ። እጄ ቧንቧው ላይ እንዳለ ቀረ።

እማማ የገርጂ አከራዬ ናቸው። ግቢው ውስጥ አራት ተከራዮች ነበርን፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ይሄን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የመብራት ታሪፍ እንደ አጠቃቀሙ በደረጃ ይጨምራል። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ይከፍላል፣ ከ500 በላይ የሄደ ደግሞ ከፍተኛውን። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ ለቆጣሪው አንድ ትልቅ ቤት ነው። አንድ አምፖልና ስልክ ቻርጀር ብቻ ያለው ሰው በሳምንት ሁለቴ ምጣድ ከሚጥደው ጋር አብሮ ደረጃው ላይ ይወጣል። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። ስለዚህ በየወሩ ጭቅጭቅ አለ። «ማን ነው ሌሊት ምድጃ የሚያበራው?» ይባላል።

እማማ ይሄን የሚያበርዱት በደብተራቸው ነበር። የተማሪ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ የተላጠ። በስም አይጽፉንም። «የበሩ»፣ «የጓዳው»፣ «ባለልጆቹ»፣ እኔን ደግሞ «ልጁ» ብለው ነው። የከፈለ ሰው ፊት ለፊት ራይት ያደርጋሉ።

ከጥር እስከ ሚያዝያ እኔ ራይት አልነበረኝም። የምሠራበት ቦታ ደሞዝ ያዘገይ ነበር። ኪራዩን እንደምንም እሞላለሁ፣ መብራትና ውሃው ላይ ስደርስ «እማማ፣ በሚቀጥለው ወር» እላለሁ። «እሺ ልጄ» ይሉኛል። በአራት ወር 2,600 ብር ደረሰ። ስወጣ ዕቃ እየጫንኩ «እልክልዎታለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም «መንገዱን ያቅናልህ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ በኋላ ስልካቸውን ሳየው እየከበደኝ አልደወልኩም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሌሊት ነው ያ ብር የት እንደሄደ ያሰብኩት። መብራት አልተቆረጠም። የጎረቤቶቼ ራይት ሙሉ ነው። ታዲያ የእኔን ማን ከፈለው?

ስለ ኪራይ ሕጉ ብዙ ተወርቷል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ውሉም በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ጥሩ ነው። እኔ ግን ስፈርም ስለ ቆጣሪ አንድ ቃል አልጠየቅኩም። ያየሁት ኪራዩን ብቻ ነው። አሁን ቤት የሚፈልግ ጓደኛ ካለኝ የምለው ይሄን ነው፦ ቁልፍ ስትቀበል የውሃውንም የመብራቱንም ቆጣሪ ፎቶ አንሳ፣ የመጨረሻውን ወር ደረሰኝ ጠይቅ። ስትወጣም እንደዚያው አድርግ። ዕዳ ካለብህ ደግሞ ሳትወጣ ተናገር። ስንት እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደምትከፍል ጽፈህ ስጥ። ዝም ብለህ የሄድክ እንደሆነ ገንዘቡን የሚችለው ሌላ ሰው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ካንተ የባሰበት ሰው።

ሰኔ ላይ ደሞዝ ስቀበል በቴሌብር ልልክላቸው ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ራሴ ሄድኩ። እማማ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ገንዘቡን ሳወጣ መጀመሪያ አልተቀበሉኝም። «ምነው በደህና ነህ?» አሉኝ፣ የታመምኩ መስሏቸው። የእኔን ማን እንደከፈለው ጠየቅኳቸው።

«የልጄን ተዝካር ላወጣበት ካስቀመጥኩት ነው» አሉ፣ ሰፌዱን ሳይለቁ። «ኋላ ግን እግዜር ሞላው።»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ዝም ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ምስሩን አብሬ መልቀም ጀመርኩ።

ከዚያ ደብተሩን አምጣ አሉኝ፣ ቦታውን አውቀዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው «ልጁ» ከሚለው ፊት ለፊት አራት ራይት አደረጉ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው። ከሥሩ አዲስ መስመር ተጀምሯል። በእኔ ክፍል የገባችውን «ልጅቷ» ብለዋታል። ሰኔ ላይ ራይት አላት።